የጆንያው ኪሎና የኢተፋ ድል

ደብዳቤው ማክሰኞ ደረሰኝ። ከወለጋ ጠቅላይ ግዛት የቦክስ ኮሚቴ ነው፤ ማኅተም አለው። ባለፈው ወር የጻፍኩት ባለ ሁለት ገጽ ማስታወሻ በስብሰባ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቧል፤ አንድም ቃል አልተሰረዘም። ከታች ደግሞ «ጸሐፊዋ ነገሩን ሥራ ከገባችበት ቀን ጀምራ በሰፊው ጽፋ ብትልክ በክለቦቹ መጽሔት ይወጣል» ይላል። አራት ጊዜ አነበብኩት። አምስተኛውን ለእናቴ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። «ማኅተሙን አሳዪኝ» አለችና ጣቷን አሳረፈችበት። ከዚያ ወጥቼ እስከ ገበያው ሮጥኩ፤ የምገዛው ነገር አልነበረኝም።

የሥራ ትዝታዬን ልጽፍ ነው ስላቸው የቡና መጋዘኑ ሰዎች ሳቁብኝ። «ዲንቂቱ፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነው፤ የቱን ሠርተሽ የቱን ልታስታውሺ?» አለኝ አንዱ ተሸካሚ። ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት መዝገብ ሞልቻለሁ። የማስታውሰውም ልርሳው ብል የሚረሳ አይደለም።

ሥራ የገባሁ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመቴ። አባቴ ኦቦ ገለታ ነቀምት ካሉት የቡና መጋዘኖች በአንዱ መዛኝ ነው። ሚዛኑ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የብረት መድረክ አለው፤ ከፊቱ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ዘንግ። አባቴ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተተውን ብረት በአንድ ጣቱ ይገፋል፤ ዘንጉ ተስተካክሎ ሲቆም ክብደቱን ይጠራል። በከተማው እንደሱ የታመነ ሚዛን ስላልነበረ ኮሚቴው ለቦክሰኞች ልኬት ቅዳሜ ቅዳሜ ይዋሰው ጀመር። መዝገቡ በአማርኛ መጻፍ አለበት። አባቴ ቁጥር እንጂ ፊደል አይጽፍም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚህ ነው የገባሁት።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ እሸቴ ከሸዋ የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚዛን ጸሐፊ የተጠራላትን ትጽፋለች፤ አስተያየት የላትም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ» አልኩ። ያቺን ቃል እንደ ሕግ ያዝኳት።

ወዲያው ችግር ተነሣ። ቦክሰኛ የሚመዘነው ልብሱን አውልቆ ነው። አሥራ አንድ ወጣቶች በር ላይ ቆመው እኔን ሲያዩ አንዱም አላወልቅም አለ። «በእህታችን ፊት?» አለ አንዱ። «እናቱን ታውቃታለች፤ ሄዳ ልትነግርበት ነው!» ብሎ ሌላው አሳቃቸው። አቶ እሸቴ ሊያስወጡኝ ሲሉ አባቴ ጥግ ከተከመረው ባዶ ጆንያ አንዱን አንሥቶ ወረወረላቸው። «በዚህ ይጠቅለሉ። ጆንያ መቀነስ የዕለት ሥራዬ ነው።» በቡና ሥራ ጆንያ አንድ ኪሎ ነው። ከጠቅላላው አንድ ኪሎ ይቀነስና የቀረው ይጠራል፤ ማንም ተከራክሮበት አያውቅም። የወለጋ ቦክሰኞች በጆንያ መመዘን የጀመሩት እንዲህ ነው። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የማየው ሁሉ ያስቀኝ ነበር። እያደር ያስፈራኝ ጀመር። ሁሉም ከተፈጥሮ ክብደቱ በታች ካለ ምድብ ገብቶ ከእሱ ያነሰ ሰው መምታት ይፈልጋል። ሌላውም ያንኑ ስለሚያስብ መጨረሻ ላይ የሚገናኙት ሁለት የተራቡ ሰዎች ናቸው። ከልኬቱ ሁለት ቀን በፊት ውሃ ያቆማሉ። ቆርቆሮ ይዘው ምራቃቸውን ሲተፉ ይውላሉ። በሁለት ካፖርት ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ይሮጣሉ። የኮሶ ትል ሳይኖርባቸው ኮሶ ጠጥተው የመጡም መዝግቤያለሁ። አንዱ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ዘንጉም አብሮ ተንቀጠቀጠ። «ቁም እንጂ ወንድሜ፤ ጆንያ እንኳ ካንተ የተሻለ ይቆማል!» አለው አባቴ። ሰው ሳቀ። ልጁ ግን የተባለውን የሰማ አይመስልም ነበር።

ጆንያውም ከመጠቅለያነት አለፈ። ቃጫው ገላን ስለሚያሞቅ ላብ ያወጣል። ቦክሰኞቹ ለብሰውት ይሮጡ፣ ለብሰውት ፀሐይ ላይ ይዘሉ፣ ከዚያ በዚያው ሚዛኑ ላይ ይወጡ ጀመር። ሁሉም የየራሱ ጆንያ ነበረው። የአንገትና የክንድ ማውጫ ቀዶ የዘመዘመላቸው ኢተፋ ነው።

ኢተፋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ። ገበያው ጥግ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ይረግጣል። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ነው፤ እንደልቡ ሲበላ ስድሳ ኪሎ ይሞላል። አሠልጣኙ ባሻ ደቻሳ ግን የሚያጋጥሙት በሃምሳ አራት ነው። ባሻ ቦክስን በጦር ሠራዊት የተማሩ ጡረተኛ ናቸው።

«ባሻ፣ ይሄን ልጅ በስድሳው ቢያደርጉት ምን ይጎዳል?» አላቸው አባቴ አንድ ቅዳሜ።

«በስድሳው እኩያው ይገጥመዋል ኦቦ ገለታ። በሃምሳ አራቱ የክንዱ ርዝመት ብቻ ያሸንፍለታል። እኛም ስንት ቀን ውሃ ሳንቀምስ ተመዝነናል፤ ይኸው አለን።»

ኢተፋ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አለን ይላሉ፤ እስቲ ጥርሳቸውን ቁጠሪ።»

በዚያው ዓመት ኢተፋ ከደምቢ ዶሎ የመጣ ልጅ ገጠመ። በሁለተኛው ዙር ልጁ ተዘረረ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ዳኛው እስከ አሥር ቆጥሮ የኢተፋን እጅ አነሣ። ኢተፋ ጓንቱን ሳያወልቅ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥቶ መዝገቡ ላይ አጎነበሰ። «ምን ብለሽ ጻፍሽ ኦቦሌቲ?» እህቴ ማለቱ ነው።

«በዝረራ አሸነፈ።»

«አልነካሁትም እኮ።»

«ዳኛው ቆጠረ።»

«ልሰነዝር ስል ወደቀ። ዓይኑ ቀድሞ ዞሮ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንጃ» ብሎኝ ሄደ። ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። የጻፍኩትን አልሰረዝኩም። አስተያየት የለኝማ።

ከዚያ የምርጫው ቀን መጣ። ያሸነፈው ወለጋን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። በሃምሳ አራት ኪሎ ለመጨረሻ የደረሱት ኢተፋና የጊምቢው ታደሰ ነበሩ። ልኬቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ግጥሚያው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ታደሰ ቀድሞ ተመዝኖ አልፏል፤ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ትንፋሹ እስከ ጠረጴዛዬ ይሰማል።

ኢተፋ ገባ። «አካም ቡልቴ» አልኩት፤ እንዴት አደርክ። እጁን ብቻ አነሣልኝ። ከንጋት ጀምሮ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ቡና በሚሰጣበት ግቢ፣ ጆንያውን ለብሶ ሲዘል ቆይቷል። ከንፈሩ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ሚዛኑ ላይ ወጣ። አባቴ ብረቱን ገፋ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገፋ።

«ሃምሳ አምስት ተኩል። ጆንያ ሲቀነስ ሃምሳ አራት ተኩል።»

ግማሽ ኪሎ ተረፈ። ደንቡ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ ካልወረደ ግጥሚያው ቀረ ማለት ነው። ባሻ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር የተሰቀለውን ሰዓት አዩ። «ውጣ፣ ዝለል» አሉት።

በመስኮቱ አየዋለሁ። ይዘላል። ገመዱ እግሩን ይጠልፈዋል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ባሻ «ጃባዱ! ጃባዱ!» ይሉታል፤ በርታ ነው። ሌሎቹን ቦክሰኞች እየመዘገብኩ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩ።

በግማሽ ሰዓቱ ተመለሰ። «ሃምሳ አራት ከሦስት መቶ ግራም» አለ አባቴ። ኢተፋ ከሚዛኑ ወርዶ በአጠገቤ ሲያልፍ ከጆንያው ጫፍ አንድ ጠብታ መዝገቤ ላይ ወደቀ። ቀለሙ ተስፋፋ። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ፊቱ ላይ አንዲት የላብ ጠብታ የለችም፤ ጨው ብቻ ጉንጩ ላይ ነጥቶ ቀርቷል። ጆንያው ግን ረጥቦ ጠቁሯል።

የሆነ ነገር ገባኝ፤ ገና በቃል መናገር የምችለው አይደለም። ላቡ ከገላው ወጥቷል፤ ከሚዛኑ ላይ ግን አልወረደም። አፌን ከፈትኩ። አቶ እሸቴ ሰዓታቸውን ያያሉ። የጊምቢ ሰዎች ቆመው ቁጥሩን ይጠብቃሉ። አሁን ብናገር ለአገሯ ልጅ አዳላች ይላሉ። መዛኙ ደግሞ አባቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስተሃል ልለው ነው። አፌን ዘጋሁ። «ሦስት መቶ ግራም» ብዬ ጻፍኩ።

በቀረው ግማሽ ሰዓት ባሻ ፀጉሩን በመቀስ አጨዱት። እንዲተፋበት ቆርቆሮ ሰጡት፤ የሚተፋው ምራቅ አልነበረውም። «ቢሻን» ሲል ሰማሁ። ውሃ ነው። «ስትመዘን። ስትመዘን ባልዲ ሙሉ እሰጥሃለሁ የኔ ልጅ» አሉት። ድምፃቸው የትእዛዝ አልነበረም፤ እየለመኑት ነበር። እሳቸውም ፈርተዋል።

በሦስተኛው ልኬት ዘንጉ ተስተካክሎ ቆመ። «ሃምሳ አራት።» ሰው አጨበጨበ። አባቴ አላጨበጨበም። የኢተፋን ክንድ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። አባቴ ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሲረከብ እጁን ከቶ እርጥበቱን ያውቃል። «ይሄ ሰው ከልክ በላይ ደርቋል» አለ።

«አልፏል እኮ ኦቦ ገለታ፤ ምን ቀረዎት?» አሉ አቶ እሸቴ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኢተፋ ውሃም ሾርባም ጠጣ፤ ግማሹን አስመለሰው። ግጥሚያውን ግጥሚያ ብዬ መጻፍ ይከብደኛል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ይሰነዝሩና ተደጋግፈው ይቆማሉ። ዳኛው ያላቅቃቸዋል፤ ተመልሰው ይደጋገፋሉ። «ትማታላችሁ ወይስ ትደንሳላችሁ?» ብሎ አንድ ተመልካች ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ሞላ። እኔ ዙሩን የምቆጥረው ቶሎ እንዲያልቅ ነበር። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ዳኞቹ በአንድ ነጥብ ለኢተፋ ሰጡ። እጁ ተነሣ። ከገመዱ ሥር ሊወጣ ሲያጎነብስ ወደቀ፤ መላ አካሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከኋላ ያሉት ስላላዩ ይዘፍኑ ነበር። ባሻ ደቻሳ ትከሻቸው ላይ ጭነውት ወደ ሆስፒታሉ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

እኔና አባቴ መዝገቡን ይዘን ወደ መጋዘኑ ተመለስን። በሩን ሲከፍት «አባ፣ ጆንያውን እንመዝነው» አልኩት።

«የቱን ጆንያ?»

«የኢተፋን።»

«ጆንያ አንድ ኪሎ ነው ልጄ።»

«እንመዝነው አባ።»

ኢተፋ ጠዋት አውልቆ እንደጣለው ጥግ ላይ ተጨማዶ ነበር። መድረኩ ላይ አደረግሁት። አባቴ ብረቱን አንድ ኪሎ ላይ አቆመው፤ ዘንጉ አልወርድ አለ። ገፋው። ደግሞ ገፋው። አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ላይ ቆመ። ያውም ግማሽ ቀን ጥግ ላይ ሲደርቅ ውሎ። ጠዋትም ይህን ያህል ከነበረ ኢተፋ ገና መጀመሪያ ሲወጣ አልፎ ነበር። ያ ሁሉ ዝላይ፣ ያ ሁሉ ጥማት፣ ጆንያው የያዘውን የራሱን ላብ ለማውረድ ነበር።

አባቴ ከምሰሶው ሥር ቁጭ አለ። «ቡናውን እርጥብ ነው ብዬ ስንቱን ነጋዴ መልሻለሁ። ጆንያውን ግን አንድ ቀን ዳስሼ አላውቅም።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አልኩት። «በሁለተኛው ልኬት። ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ነን» አለ።

በማግስቱ ሁለቱን መዝገቦች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አየሁ። በክረምት የተመዘኑት ብዙዎቹ ከብደዋል። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አባቴ «በብርድ ሰው ይበላል» ብሎኝ ነበር። ዝናብ የጠገበ ጆንያ ለብሰው መምጣታቸውን ማንም አላሰበም። ከሻምቡ በእግሩ መጥቶ በሁለት መቶ ግራም ትርፍ ሳይጋጠም የተመለሰ አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን በቆንጆ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። ከእነዚያ ድሎች የትኛው ድል፣ ከተመለሱት የትኛው በትክክል እንደተመለሰ አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

ኢተፋ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። የሆስፒታሉ ድሬሰር «ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ነበር፤ ተርፏል» አለን። በአራተኛው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ጠብታውንም፣ ጆንያውንም፣ ዝም ማለቴንም ነገርኩት። የሚለኝን ጠበቅሁ። ጣሪያውን ያያል።

«እና አልፌ ነበር?»

«አልፈህ ነበር።»

«ባሻ ፀጉሬን በከንቱ ነዋ የጨረሱት? መቀሱ እኮ ደንዞ ነበር!» ሳቀ፤ ሳቁ አመመውና ጎኑን ያዘ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ጻፊው ኦቦሌቲ። ድሌንም አብረሽ ጻፊ። ያሸነፍኩት ቆሞ መሄድ የማይችል ሰው ነው፤ እኔም አልችልም ነበር። ስሜን ደብቂ አልልሽም።»

አዲስ አበባ አልሄደም። ታደሰም ታሞ ስለነበር በእሱ ምትክ መሄድ አልቻለም።

ማስታወሻውን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በሰው የተጠራልኝን ሳይሆን የራሴን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ከሥሩ የአውራ ጣቱን አሻራ አሳረፈ። ባሻ ደቻሳ አይፈርሙም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ፈረሙ።

አቶ እሸቴ ቆመው አነበቡት። «ጸሐፊ አስተያየት የላትም ብዬሽ አልነበረም?»

«የጆንያው ክብደት ነው የተጻፈው ጌታዬ። መጥተው መመዘን ይችላሉ።»

አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አንድ ወር ምንም አልሰማሁም። አባቴን ከሥራው ያስወጡታል እያልኩ ምግብ አልወርድልኝ አለ። በበሩ ያለፈ ፖስተኛ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ከእንግዲህ ቦክሰኛ የሚመዘነው ጆንያ ሳይለብስ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ከሚዛኑ በፊት ድሬሰር ያየዋል። ለካስ አንድ መጋረጃ ነበር የሚያስፈልገው። ኢተፋ በአንድ ከሰዓት ሰፍቶ አመጣው።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው። የለበሰ ሰው ሲመዘን ልብሱ ለብቻው ይመዘናል። ቆዳው ተቆንጥጦ የማይመለስ ሰው ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ውሃ ይሰጠዋል። ጸሐፊ ያየችውን በዚያው ሰዓት ትናገራለች።

ትናንት ኢተፋ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ መልእክት ሰጠኝ፤ እንዳለው አስተላልፋለሁ። ዓርብ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ እሱና ባሻ ጀማሪዎችን ያሠለጥናሉ። ከነቀምትም ከጉቴም ከጊምቢም የሚመጣ ይምጣ። «ምሳችሁን በልታችሁ፣ ውሃችሁን ጠጥታችሁ ኑ በያቸው። በመጣችሁበት ክብደት እንጀምራለን።»